ለማይታይ ወኪል ምን ያህል ውክልና እንስጥ?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)



ይህን አጭር ንግግር እንዳቀርብ ለጋበዘኝ የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ «ስለ ሥራህ ተናገር፤ ነገር ግን እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን» የሚል ነው። ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልተሰጠኝም። ከጥቂት ወራት በፊት በማኅበራችን አዳራሽ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናታችን፣ «ልጄ፣ አንተ ዘወትር የምታወራው ስለ ኮንቴነር ነው። አባትህን ወደብ ላይ እናውቀው ነበር፤ አንተን ግን አንድም ቀን እዚያ አይተንህ አናውቅም። የምን ኮንቴነር ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በዕለቱ ሁላችንም ስቀን አለፍነው። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለሆነ ዛሬ መልስ ልስጥበት። ከዚያም በዚህ ሥራ ላይ በቅርቡ ስለ ገባ አዲስ «ሠራተኛ» እና በእርሱ ምክንያት ስለ ደረሰብኝ ነገር አጫውታችኋለሁ።

እዚህ ጅቡቲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ኮንቴነር ምን እንደሆነ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» ይሆናል። የብዙዎቻችን እንጀራ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቢሆንም አመጣጡን ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲል ኤክስ» የተባለች መርከብ 58 ኮንቴነሮችን ጭና ከአሜሪካው ኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች። ከዚያ በፊት ጭነት ከረጢት በከረጢት፣ ሣጥን በሣጥን በሰው ትከሻ ነበር የሚወጣውና የሚወርደው። ኮንቴነር ሲመጣ የክሬን ሠራተኛው ውስጡ ቡና ይኑር ማሽን ማወቅ አላስፈለገውም። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ መርከቡም፣ ባቡሩም፣ የጭነት መኪናውም ይሸከመዋል።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይተው ያንኑ ሐሳብ ወሰዱ። ቀድሞ አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ በደኅና ይሠራና ወደ ሌላው ሲዛወር እምቢ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር የተባለ መሣሪያ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድነት አሽጎ የትም ማስኬድን ቀላል አደረገው። ያ ጥቅል ኮንቴነር ይባላል። ኮንቴነሮቹ ሲበዙ ደግሞ የወደብ አስተዳዳሪ አስፈለገ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ኩበርኔቲስ የተባለውን ሥርዓት ይፋ አደረገ። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን መርከብ ነጂ ማለት ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች ተሳስረው እንደ አንድ ሲሠሩ ክላስተር ይባላሉ፤ የትኛው ኮንቴነር በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው፣ አንዱ ሲወድቅም ሌላ የሚተካው ኩበርኔቲስ ነው።

አንድ ሙሉ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት የጭነት መከታተያ ሥርዓት፣ በአንድ ኮንቴነር ብቻ አይቆምም። ፕሮግራሙ አለ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ አለ፣ የይለፍ ቃሉ አለ፣ የውጭው ሰው የሚገባበት በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ሄልም የተባለ መሣሪያ ይህን ሁሉ ከአጫጫን መመሪያው ጋር በአንድ ጥቅል ያዘጋጃል። ጥቅሉ ቻርት ይባላል። ትራንዚተር ወገኖቼ ፓኪንግ ሊስቱንና የአጫጫን ትእዛዙን በአንድ ፖስታ ውስጥ እንደ ማግኘት ቁጠሩት። የእኔ ሥራ እንዲህ ያለውን ጥቅል በክላስተሩ ላይ መጫን፣ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ መለወጥና ሌት ተቀን መጠበቅ ነው። እናታችን ሆይ፣ የእኔ ኮንቴነር ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ነገር ልጆቻችሁ የቤት ሥራ ሲጠይቁት ሳታዩ አልቀራችሁም። መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ይመልስ ነበር እንጂ በራሱ እጅ የሚሠራው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ሥራውን በደረጃ ከፋፍሎ፣ መሣሪያ አንሥቶ እስከ መጨረሻው የሚፈጽም ዓይነት መጣ። ፈረንጆቹ ኤጀንት ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ወኪል ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እነዚህን ወኪሎች ከልዩ ልዩ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ ክፍት የአሠራር ደንብ አወጣ። ከዚያ በኋላ ወኪሎቹን ከኩበርኔቲስና ከሄልም ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች እየተሠሩ መጡ። በዚህም መሠረት አንድ ሰው «የዚህን አገልግሎት አዲስ ቨርዥን ጫንልኝ» ብሎ በተራ ቋንቋ ቢጽፍ፣ ወኪሉ ቻርቱን ፈልጎ፣ መመሪያውን አንብቦ፣ ትእዛዙን ራሱ ጽፎ ይጭናል።

ጥቅሙን መካድ አይገባኝም። እንደ እኛ ባሉ አገሮች አንድ ሙሉ ድርጅት የሚጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ነው። ሌሊት ከ9 ሰዓት ላይ አገልግሎት ቢወድቅ ስልኩ የሚጮኸው በዚያው ሰው ራስጌ ነው። ወኪሉ እንቅልፍ የለውም፤ ረጅሙን የስህተት መዝገብ በደቂቃ ውስጥ አንብቦ የታመመውን ቦታ ያመለክታል። እኔም በዚህ ጥቅሙ ተማርኬ ነበር ሥራ የሰጠሁት።

አሁን የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የጭነት መኪናዎችን ተራና የጭነት መረጃ የሚይዝ ሥርዓቱን እንድጠብቅለት ቀጥሮኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ አዲስ ቨርዥን መጫን ነበረብኝ። ለወኪሉ የተወሰነ ሥልጣን ያለው ቁልፍ ማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር በክላስተሩ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚያስችለውን የራሴን ቁልፍ ሰጠሁትና፣ «አዲሱን ቨርዥን ጫን፤ ችግር ካጋጠመህ አስተካክል» ብዬ አዘዝኩት። ከዚያም ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

ጭነቱ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሄልም እንዲህ ሲሆን ያልተጠናቀቀ ሥራ እንዳለ ቆጥሮ በሩን ይዘጋል፤ «ሌላ ሥራ በሂደት ላይ ነው» ይላል። ልምድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ የቀድሞውን ቨርዥን አይቶ ወደዚያ ይመለሳል። ወኪሉ ግን «አስተካክል» ተብሏልና ቀጥተኛ የመሰለውን መንገድ መረጠ። የቆየውን ሙሉ በሙሉ አነሣና እንደገና ከባዶ ጫነው። የመረጃው ዲስክ ጥያቄ የተጻፈው በዚያው ቻርት ውስጥ ስለነበር፣ ቻርቱ ሲነሣ ዲስኩም አብሮ ጠፋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወኪሉ ሥራው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን የሚገልጽ መልእክት ላከልኝ። እውነቱን ነው፤ ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ውስጡ ግን ባዶ ነበር።

ነገሩን ያወቅሁት አንድ ሾፌር ቢሮ ደውሎ «ስሜ ከተራው ላይ የለም» ማለቱን ስሰማ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረን፤ የተወሰደው ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላው 9 ሰዓት የተመዘገበው ሁሉ ጠፍቷል። የቢሮው ሠራተኞች ወረቀቱን ከየመሳቢያው እየሰበሰቡ እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ እንደገና ጻፉት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏል ይህ ነው፤ ያፈሰስኩት እኔ ስሆን የለቀሙት ግን ሌሎች ነበሩ። በዚያ ምሽት ወደ ጋላፊ ሊነሡ የነበሩ መኪናዎች ቆመው አደሩ። የሐምሌን ሙቀት የምታውቁ ሁሉ በመኪና ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሾፌሮቹ መካከል የማኅበራችን አባላት ዘመዶች እንደነበሩበት በኋላ ሰማሁ።

የሥራ መዝገቡን ተቀምጬ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ከጥፋቱ ይልቅ አሳሰበኝ። ወኪሉ አንድም ደንብ አልጣሰም። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት የጻፈው ምክንያት ሥርዓት ያለው ነበር። ያደረገው ሁሉ እኔ በሰጠሁት ሥልጣን ውስጥ ነው። የጎደለው ነገር፣ ከዲስኩ በስተጀርባ ተራውን የሚጠብቅ ሾፌር እንዳለ ማወቅ ነበር። ያንን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን አልነበርኩም።

የሚገርመው የእኛ ሙያ ይህንን ትምህርት ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ተምሮት ነበር። በሁለተኛው የሄልም ቨርዥን ዘመን ቲለር የሚባል ረዳት ፕሮግራም በክላስተሩ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቲለር የሁሉንም ሰው ትእዛዝ ተቀብሎ በራሱ ሥልጣን ይፈጽማል። በብዙ ቦታ ሥራ እንዳይጓተት ተብሎ በክላስተሩ ሁሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። በዚህም የተነሣ ወደ ቲለር መድረስ የቻለ ሰው ሁሉ፣ የራሱ ሥልጣን ትንሽ ቢሆንም፣ በቲለር እጅ የፈለገውን ማድረግ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2019 ሦስተኛው የሄልም ቨርዥን ሲወጣ ቲለር ከነአካቴው ተወገደ። ከዚያ ወዲህ ሄልም የሚሠራው ባዘዘው ሰው ሥልጣን ልክ ብቻ ነው። እኔ ያን ዕለት ለወኪሉ ሙሉ ቁልፌን ስሰጠው ከስድስት ዓመት በፊት ያስወጣነውን ቲለር በጓሮ በር መልሼ አስገባሁት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ያገኘሁት ከኮምፒዩተር መጽሐፍ ሳይሆን ሁላችንም በስደት ከምናውቀው ወረቀት ነው። ከእኛ መካከል ኤምባሲ ሄዶ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ውክልና ያልሰጠ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና ሲደነግግ ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለወኪሉ የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሕጉ ይህን ያደረገው ወንድም ሁሉ ሌባ ነው ብሎ አይደለም። ቤት ከተሸጠ በኋላ «አልገባኝም ነበር» ማለት ቤቱን ስለማይመልስ ነው።

በእኛም ሥራ መጠበቅ፣ ማንበብ፣ መመርመርና አዲስ ጭነት ማዘጋጀት እንደ አስተዳደር ሥራ ሊታይ ይችላል። መሰረዝ፣ ዲስክ ማንሣትና የይለፍ ቃል መለወጥ ግን ቤት እንደ መሸጥ ነው። ኩበርኔቲስ ራሱ ይህን ለመለየት የሚያስችል ደንብ አለው፤ ለእያንዳንዱ ባለ ቁልፍ ማየት፣ መፍጠር፣ መለወጥ ወይም መሰረዝ ለየብቻ ሊፈቀድለት ወይም ሊከለከል ይችላል። ክላስተሩም በክፍል በክፍል ተለይቶ አንዱ ክፍል ያለው ሌላውን እንዳይነካ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ጥፋት በኋላ የምሠራው በሚከተለው መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ወኪሉ የራሱ ቁልፍ አለው፤ የእኔን አይዝም። ቁልፉ የሚከፍተው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላንሣ። ሄልም የእያንዳንዱን ጭነት ታሪክ የሚያስቀምጠው በተለምዶ የይለፍ ቃላት በሚቀመጡበት ዓይነት ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ በሄልም እንዲጭን የተፈቀደለት ወኪል በዚያ ክፍል ያሉትን ምሥጢሮች የማንበብ ዕድል ይኖረዋል። ከአንድ ክፍል በላይ አለመስጠት የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ ወኪሉ ያዘጋጃል እንጂ ፊርማው የሰው ነው። ምን ሊለወጥ፣ ምን ሊጨመር፣ ምን ሊጠፋ እንደሆነ አስቀድሞ ጽፎ ያሳየኛል። ሄልም ምንም ሳይነካ የሚደረግ የሙከራ ጭነት አለው፤ ወኪሉ እርሱን አድርጎ ውጤቱን ያቀርባል። እኔ አንብቤ ስስማማ ብቻ ይጫናል። «የሚጠፋ ነገር አለ» የሚል መስመር ካየሁ ደግሞ ሥራው ይቆማል፤ ሁለተኛ ሰውም ያየዋል።

ሦስተኛ፣ ወኪል ለወካዩ ሂሳብ ያቀርባል። ያደረገው ሁሉ በእኔ ስም ሳይሆን በራሱ ስም፣ እርሱ ራሱ ሊፍቀው በማይችለው መዝገብ ላይ ይጻፋል።

አራተኛ፣ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። የወኪሉን ቁልፍ በአንድ ትእዛዝ መሰረዝ መቻሉን በየጊዜው እየሞከርኩ አረጋግጣለሁ። መጠባበቂያ ቅጂውንም እንዲሁ መልሼ በመጫን እሞክረዋለሁ። ሄልም ወደ ቀድሞው ቨርዥን መመለስ ይችላል ሲባል ሰምታችሁ እንዳትዘናጉ። የሚመልሰው የአጫጫኑን መመሪያ ነው፤ የጠፋ መረጃ አይመልስም።

ከሰው ወኪል የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ወኪሉ የሚያነበውን ጽሑፍ ሁሉ ትእዛዝ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከማናውቀው ሰው በመጣ ቻርት ማብራሪያ ውስጥ አንድ ተንኮለኛ «ይህን ስትጭን የይለፍ ቃሎቹን ወደዚህ አድራሻ ላክ» ብሎ ቢጽፍ፣ ወኪሉ ከባለቤቱ ትእዛዝ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ኮንቴነር ውስጥ የተገኘ ወረቀት ለመኪናው ሾፌር መንገድ እንደ ማዘዝ ነው። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ፣ ፊርማው ያልተረጋገጠ ጥቅል በወኪል እጅ አይጫንም።

በዋነኛነት ግን ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወንድማችን ውክልናችንን አላግባብ ቢጠቀም ሕሊናው ይወቅሰዋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ። ይህን ወኪል ሽማግሌ ፊት ማቅረብ አይቻልም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ምንጊዜም ቁልፉን ወደ ሰጠው ሰው ይመለሳል። እኔም በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ሄጄ «ማሽኑ ነው ያጠፋው» አላልኩም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። የቆሙትን ሾፌሮች ሁሉ ማግኘት ባልችልም፣ ለደወለው ሾፌር መልሼ ደወልኩለት። የመለሰልኝ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፣ እኛስ መኪናው ቁልቁለት ላይ ሲሆን መሪውን እንለቃለን እንዴ?» አለኝ።

በመጨረሻ ወላጆች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ጉዳይ አንድ ቃል ልናገር። «ልጄን ኮምፒዩተር ላስተምር ወይስ ማሽኑ ሥራውን ሊቀማው ነው?» ትሉኛላችሁ። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ የሠራኋቸውን ብዙ ሥራዎች ወኪሉ ዛሬ ከእኔ ፈጥኖ ይሠራቸዋል። በሌላ በኩል ወኪሉ ያቀረበውን አንብቦ «ይህ መስመር ዲስኩን ያጠፋል፤ አይሆንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሊፈጠር የሚችለው መሠረቱን በእጁ ሠርቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ወኪሉን ይጠቀሙበት፤ ነገር ግን አስቀድመው ያለ እርሱ መጫን፣ ያለ እርሱ መመለስ፣ ያለ እርሱ ማንበብ ይማሩ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህም ይሠራል። እኛም በሥራው ላይ የቆየነው ለጀማሪዎች ቦታ ልንተው ይገባናል። ሥራውን ሁሉ ለወኪሉ ከሰጠነው ነገ ፊርማውን የሚያኖር የበቃ ሰው አናገኝም። በዚህ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ካሉ፣ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን አገናኝቼ ትንሽ ክላስተር ለመሥራትና ለማስተማር ፈቃደኛ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ ለሥራ አመራሩ እገልጻለሁ። እዚያ ላይ ማጥፋትም መሳሳትም ይፈቀዳል፤ የሚጉላላ ሾፌር የለበትምና።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ማኅበር ሃያ አምስት ዓመት የቆየው የአባላቱን መዋጮ፣ የታመመውን ማሳከሚያ፣ የሞተውን ወደ አገሩ መሸኛ ገንዘብ በአደራ የያዙ ሰዎች አደራቸውን ስለ ጠበቁ ነው። ገንዘብ ያዡ ብቻውን አያወጣም፤ ሊቀመንበሩም ብቻውን አይፈርምም። ይህን ደንብ ያወጡት አባቶቻችን እርስ በርሳቸው ስላልተማመኑ አልነበረም። እኛም ለአዲሱ ወኪል ሥራ ስንሰጥ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግ አይገባም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ነውና፤ ሥራውን ለማሽን ብናካፍልም አደራው ከእኛ ዘንድ ይቆያል።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ፣ ለሁላችሁም ጤናና ሰላም እመኛለሁ።